እሁድና ረቡዕ ጠዋት፦ ስለ ተማሪዎች የኮሮና ምርመራ ወላጆች የነገሩን

(ለወላጆችና ለአረጋውያን በተዘጋጀ የምሽት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

ቡናው እየተቆላ ነው። ከፈላ በኋላ ማንም እንደማይሰማን ስለምናውቅ አሁኑኑ እንጀምር።

እኛን አብዛኞቻችሁ ታውቁናላችሁ። በትምህርት ቤትና በቤተሰብ፣ በኩፓት ሖሊምና በቤተሰብ መካከል ቆመን የምናስተረጉምና የምናግባባ፣ በዕብራይስጥ ሜጋሽሪም የሚሉን ሰዎች ነን። ከመካከላችን ነርሶች አሉ፣ የትምህርት ቤት ሠራተኞች አሉ። ሁላችንም ማለት ይቻላል እንደናንተ ወላጆች ነን። ከ2020 እስከ 2022 ድረስ በኮሮና ጊዜ የብዙዎቻችሁን በር አንኳኩተናል፣ ስልክ ደውለናል፣ ተቆጥታችሁብናልም። ዛሬ ስለ ኮሮና ሁሉንም ነገር ልንናገር አልመጣንም። የምንናገረው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ምንም ያላመመውን፣ እየሮጠ የሚጫወተውን ልጅ በየሳምንቱ አፍንጫውን እየጠረጉ መመርመር።

ዛሬ እንዲህ ያለ ግዴታ በትምህርት ቤት የለም። ታዲያ ለምን ታነሱታላችሁ ብትሉን ትክክል ናችሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። በቅርቡ ከልጆች ጤና ጋር የተያያዘ አንድ የፈቃድ ወረቀት ለወላጆች ተልኮ ነበር። ከማህበረሰባችን ቤቶች ብዙው ወረቀት ሳይፈረም ተመለሰ። አንዳንዱ ጭራሽ አልተመለሰም። ቤት ለቤት ሄደን ስንጠይቅ የሰማነው መልስ ስለ አዲሱ ወረቀት አልነበረም። «ያን ጊዜ ያደረጋችሁብንን አልረሳንም» የሚል ነበር። «ያን ጊዜ» የተባለው የምርመራው ጊዜ ነው። እንግዲህ ሳንነጋገርበት ያለፍነው ነገር ዛሬም እንዳለ ገባን።

ነገሩ እንዴት እንደነበር በአጭሩ እናስታውስ። በማርች 2020 ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በሜይ ወር ተከፈቱ። ወሩ ሳያልቅ ግን በኢየሩሳሌም በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከ150 የሚበልጡ ተማሪዎችና ከ20 የሚበልጡ ሠራተኞች በቫይረሱ ተይዘው ተገኙ። ከዚያ በኋላ ያለውን አትረሱትም፤ አንድ ልጅ በተያዘ ቁጥር ክፍሉ በሙሉ ወደ ቤት፣ ወደ ቢዱድ። በመጀመሪያ ቢዱዱ 14 ቀን ነበር፣ በኋላ እያጠረ መጣ። አንድ ልጅ ከቢዱድ ሲወጣ ሌላው ሲገባ፣ ወሩን ሙሉ በር ዘግተው የኖሩ ቤቶችን እናውቃለን። በ2021 መጸው አረንጓዴ ክፍል የሚባለው አሠራር ተሞከረ፤ በክፍሉ የታመመ ልጅ ከተገኘ ሌሎቹ በየቀኑ እየተመረመሩ መማር ይቀጥላሉ ማለት ነው። በጃንዋሪ 2022 ኦሚክሮን እንደ ሰደድ እሳት ሲዛመት ደግሞ መንግሥት ሌላ ነገር ወሰነ። ከጃንዋሪ 27 ቀን 2022 ጀምሮ ከታመመ ሰው ጋር ለተገናኘ ተማሪ ቢዱድ ቀረ። በምትኩ ሁሉም ተማሪ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ እሁድና ረቡዕ፣ ከቤት ሳይወጣ በቤት መመርመሪያ እንዲመረመር ተባለ። መመርመሪያውም በትምህርት ቤት በኩል ለልጆቹ ተሰጠ።

በወረቀት ላይ ሲታይ ቀላል ነው። አራት ተማሪ ያለበት ቤት ግን በሳምንት 8 ምርመራ ማለት ነው። እናት በ5 ሰዓት ተኩል ለጽዳት ሥራ ከቤት ትወጣለች። አባት ከሌሊት ጥበቃ አልተመለሰም። ልጆቹን የሚያስነሱት አያት ናቸው፣ እሳቸው ደግሞ ዕብራይስጥ አያነቡም። የመመርመሪያው ሳጥን ላይ የተጻፈውን ሁሉ አገላብጠን አይተናል፤ እኛ ያየናቸው ሳጥኖች ላይ አማርኛ አልነበረም።

እዚህ ላይ ስለ ምርመራው ትንሽ እንበል፤ ያን ጊዜ በጥድፊያ ስለነገርናችሁ ብዙው አልተያዘም። የኮሮና ምርመራ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ፒ.ሲ.አር. ይባላል። በላቦራቶሪ ውስጥ የቫይረሱን ዘር ደጋግሞ በማባዛት ጥቂት እንኳን ቢሆን ያገኘዋል። ስለዚህ ሰውየው ከዳነ ከሳምንታት በኋላም «አለብህ» ሊል ይችላል። ሁለተኛው አንቲጅን የሚባለው ነው፤ በቤት የምናደርገው ይህንን ነው። ይህኛው የሚፈልገው የቫይረሱን ፕሮቲን ነው። በ15 ደቂቃ ገደማ መልስ ይሰጣል፣ ነገር ግን ቫይረሱ በአፍንጫ ውስጥ በዝቶ ካልተገኘ አያየውም። ልጁ ትናንት ተይዞ ዛሬ ብንመረምረው «የለበትም» ሊለን ይችላል፤ ከሦስት ቀን በኋላ ያው ልጅ ሲመረመር ሁለት መስመር ይወጣል። በሳምንት ሁለት ጊዜ የተባለበት ምክንያት ይህ ነው። አንድ ጊዜ ያመለጠው በሁለተኛው እንዲያዝ ነው። ብዙ ወላጆች «እሁድ የለበትም ብሎ ረቡዕ አለበት የሚል ነገር ውሸታም ነው» ብለውናል። መሣሪያው አልዋሸም፤ የዋሸው ነገር ካለ አንዴ በመመርመር እርግጠኛ መሆን ይቻላል የሚለው አነጋገር ነው። ያንን ደግሞ ያስወራነው እኛው ነን፣ ነገሩን ለማሳጠር ብለን።

ቃሉም ራሱ አሳስቷል። በዕብራይስጥ ቫይረሱ ከተገኘ «ሒዩቪ» ይባላል። ሒዩቪ በሌላ ጊዜ በጎ ነገር፣ ደስ የሚያሰኝ ነገር ማለት ነው። አንዲት እናት የልጃቸው መልስ ሒዩቪ መሆኑን በስልክ ሲነገራቸው «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው ልጁን ወደ አያቱ ቤት ልከውታል። እየሳቃችሁ ነው፤ እኛም ያን ጊዜ ስቀናል። በኋላ ግን ሳቁ ጠፋብን። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ቫይረሱ ተገኘበት» ወይም «አልተገኘበትም» ብለን እንጂ በሌላ ቃል ተናግረን አናውቅም።

አሁን ወላጆች ወደ ነገሩን እንለፍ። ስም አንጠራም፣ ቤትም አንለይም፤ ሰው እንዳይታወቅም አንዳንዱን ነገር ለውጠናል።

ከሁሉ በፊት የሰማነው ስለ አፍንጫው ነው። «እንጨቱ እስከ አንጎል ይደርሳል» የሚል ወሬ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ነበር። አይደርስም። አፍንጫና አንጎል መካከል አጥንት አለ፤ የቤት ምርመራው ደግሞ ከአፍንጫው መግቢያ ብዙም የማይርቅ ነው። ሆኖም የልጁን ፍርሃት በዚህ ብቻ ማለፍ አይገባም። በመጀመሪያው ዓመት ልጆቻችን የተመረመሩት በድንኳን ውስጥ፣ ፊቱ በጭንብል በተሸፈነ፣ ነጭ ልብስ በለበሰ እንግዳ ሰው ነበር፤ እንጨቱም በጥልቀት ነበር የሚገባው። ያ ልጅ በ2022 እናቱ አጭሩን እንጨት ስታወጣ ከአልጋ ሥር ገብቶ ቢደበቅ ምን ይገርማል? አንድ አባት እንዲህ አሉን፦ «በሳምንት ሁለት ቀን ልጄን በጉልበት እይዘዋለሁ። እኔ ልጄን በጉልበት ይዤ አላውቅም ነበር። ትምህርት ቤቱ ይህን አያይም።» እውነታቸውን ነው። ልጁን በጉልበት መያዝ አያስፈልግም ነበር። ልጁ ራሱ እንጨቱን እንዲይዝ፣ አባትየው መጀመሪያ በራሱ አፍንጫ እንዲያሳየው ማድረግ ይበቃ ነበር። ይህንን የነገርናቸው ግን ዘግይተን ነው።

ሁለተኛው ነገር የእንጀራ ጉዳይ ነው። ሰው ሁሉ ስለ ጤና ሲያወራ ስለ እንጀራ ማውራት የሚያሳፍር መስሎ ስለሚታይ ወላጆች ይህንን በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ጊዜ ነው የሚነግሩን። በሰዓት የሚከፈላት እናት ልጇ ተይዞ ከተገኘ ሥራ መቅረት ሊኖርባት ነው። አሠሪው ደግሞ ወረቀት ይፈልጋል፣ ወረቀቱን ለማግኘት በስልክ ውስጥ ገብቶ በዕብራይስጥ መሙላት ያስፈልጋል። «ካልመረመርኩት አላወቅኩም፣ ካላወቅኩ አልዋሸሁም» ያለችን እናት አለች። ይህንን የሚሰሙ ሰዎች «ኃላፊነት የማይሰማቸው ወላጆች» ይላሉ። እኛ እንዲህ አንልም። ምርመራው ለአንዱ ቤት የመረጃ ጉዳይ ሲሆን ለሌላው ቤት የወር ኪራይ ጉዳይ ነበር።

ሦስተኛው የቆየ ቁስል ነው። አንድ ሰው ከፍ ባለ ድምፅ ሲናገረው ሌሎቹ ዝም ብለው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። በጃንዋሪ 1996 ማህበረሰባችን በቅንነት የለገሰው ደም በምስጢር ሲጣል እንደነበረ በጋዜጣ ወጣ። በዚያው ወር በ28ኛው ቀን በሺህ የምንቆጠር ሰዎች በኢየሩሳሌም በጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ፊት ለፊት ወጥተን ጮኸናል። ከናንተ መካከል በዚያ የነበራችሁ፣ አስለቃሽ ጢስ የቀመሳችሁ አላችሁ። በቀድሞው ፕሬዚዳንት በይጽሐቅ ናቮን የተመራ ኮሚሽን ተቋቋመ። መመሪያው እንደሚለወጥ የተነገረው ግን በ2017 ነው፤ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ። ታዲያ አንድ ሽማግሌ «ደማችንን ሰጥተን ጣሉት። አሁን ደግሞ የልጆቻችንን ንፍጥ ወስደው ምን ሊያደርጉት ነው?» ብለው ሲጠይቁን ምን እንበል? «እንዲህ አይባልም አባባ» እንበል? ከእኛ መካከል አንዷ እንዲህ ብላ መልሳ ነበርና ሽማግሌው ከዚያ በኋላ በራቸውን አልከፈቱልንም። በኋላ የገባን ነገር እሳቸው የጠየቁት ቀላልና ትክክለኛ ጥያቄ መሆኑን ነው። መልስም ነበረው፤ በቤት ምርመራ የሚወሰድ ነገር የለም። እንጨቱና ፕላስቲኩ እቤት ውስጥ በከረጢት ታስሮ ወደ ቆሻሻ ይጣላል። ወደ ላቦራቶሪ የሚሄደው ፒ.ሲ.አር. ብቻ ነው። ይህንን በሁለት ደቂቃ መናገር እየቻልን ሰውን ተቆጣን።

ጨዋታ አመጣሽ ካላላችሁን በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ጣል እናድርግ። ማንንም ሳይነካ የሚደረግ ምርመራም አለ። በ2013 በደቡብ እስራኤል በፍሳሽ ቆሻሻ ውስጥ የፖሊዮ ቫይረስ ተገኘ። አንድም ልጅ ሽባ ሳይሆን፣ ከቧንቧው ብቻ ታውቆ ልጆች ጠብታ እንዲወስዱ ተደረገ። አንድ አባት ይህንን ሲሰሙ «ታዲያ ለኮሮናስ ቧንቧውን ለምን አይጠይቁትም?» አሉን። ተጠይቋል፤ ነገር ግን ቧንቧ የሰፈርን በሽታ ይናገራል እንጂ የትኛው ልጅ ዛሬ ከአያቱ ጋር በአንድ ትሪ እንዳይበላ አይነግረንም።

ሁሉም ወላጅ ተቃዋሚ ነበር እንዳይመስላችሁ። እንዲያውም ምርመራውን አጥብቀው የፈለጉት ብዙ ጊዜ አረጋውያን ናቸው፤ ይህ እኛንም አስገርሞናል። በሱዳን በኩል የመጡት በተለይ። በኡም ራኩባ ካምፕ የነበሩ አንዲት እናት እንዲህ ብለው ነገሩን፦ «እዚያ ኩፍኝ ሲገባ ማን እንዳለበት ማን እንደሌለበት የሚለይልን አልነበረም። ልጅ ከልጅ ጋር ተኝቶ ያድራል፣ ሲነጋ አንዱ የለም። ያኔ ይህ እንጨት ቢኖረን ኖሮ መሬት ወድቄ እስመው ነበር።» በሱዳን መንገድና በካምፖቹ ወደ 4,000 የሚሆኑ ወገኖቻችን ማለቃቸውን በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን እናስባለን። ከእነዚያ ብዙዎቹን የወሰደው ጥማትና ሽፍታ ብቻ አይደለም፣ ተላላፊ በሽታም ጭምር ነው። ይህን ያዩ ሰዎች ስለ መለየትና ስለ መጠንቀቅ ሌላ ሰው እንዲያስተምራቸው አያስፈልጋቸውም። አባቶቻችን በኢትዮጵያ ሳሉ ከውጭ የመጣ ሰው ውኃ ሳይነካ ወደ ቤት አይገባም ነበር። አንድ ቄስ በቢዱዱ ጊዜ «እናንተ አዲስ ነገር አድርጋችሁ የምትነግሩን እኛ ትናንት የተውነውን ነው» ብለው ቀልደውብናል።

አረጋውያኑ ሌላም ምክንያት ነበራቸው። በልጆች ላይ ኮሮና በአብዛኛው ቀላል ነበር። በማህበረሰባችን ግን በአንድ ጠባብ ቤት ሦስት ትውልድ ይኖራል፤ አያቶቹ ደግሞ ወደዚህ አገር ከመጣን ወዲህ የበዛብን የስኳርና የደም ግፊት በሽታ አለባቸው። በጃንዋሪ 2022 ፒ.ሲ.አር. ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ ለሆኑና ለበሽታው ለተጋለጡ ሰዎች ብቻ እንዲሆን የተደረገውም አደጋው እነሱ ላይ ስለሆነ ነው። ስለዚህ የልጁ ምርመራ ለልጁ ብቻ አልነበረም። ይህንን በግልጽ መናገር ይገባን ነበር። «ለልጃችሁ ጤና» እያልን ስንናገር ወላጆች «ልጄ ደህና ነው» ይሉናል፣ እውነታቸውን ነው፣ ንግግሩም እዚያው ያበቃል።

አሁን ለመናገር የሚከብደን ክፍል ላይ ደርሰናል። ቡናው እንዳይደርስብን እንጂ ብዙ አስበንበታል።

ስሙን በማንጠራው አንድ ትምህርት ቤት አስተማሪዋ እሁድና ረቡዕ ጠዋት በክፍሉ ዋትስአፕ ላይ ትጠይቃለች፦ «ሁሉም ተመርምሯል?» ወላጆች አንድ በአንድ «ተመርምሯል» ብለው ይመልሳሉ። ከእኛ ቤቶች የሚመጣው መልስ ፈጣንና ጥሩ ዕብራይስጥ ነበር። ከመጠን በላይ ጥሩ። ስልኩ የእናት ነው፣ የሚመልሰው ልጁ ነው። ይህንን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ አውቀናል። አስተማሪዋም ሳታውቅ አትቀርም። ሁላችንም ዝም አልን። እኛ ዝም ያልነው ወላጆቹን ላለማጋለጥ ነው ብለን ነው። እናትየዋ ሥራ ላይ ናት፣ መመርመሪያው እንዴት እንደሚሠራ በደንብ አላሳየናትም፣ ብናሳጣት ነውር ነው አልን። ከመካከላችን ሁለቱ «ለእናትየዋ ለብቻዋ እንንገራት» ብለው ተከራክረዋል፤ አብዛኞቻችን ግን አልሰማናቸውም።

ከእነዚያ ቤቶች በአንዱ የአራተኛ ክፍል ልጅ ነበር። ከእሱ ጋር በአንድ ክፍል የሚያድሩ አያቱ የስኳር በሽተኛ ናቸው። አንድ ረቡዕ ጠዋት ልጁ ጉሮሮውን እየከረከረው ሳይመረመር «ተመርምሯል» ብሎ ጽፎ ትምህርት ቤት ሄደ። ያን ቀን የሒሳብ ፈተና ነበረበት፣ መቅረት አልፈለገም። በሚቀጥለው ሳምንት አያቱ ሆስፒታል ገቡ። በኦክስጅን ሰንብተው እግዚአብሔር ረድቷቸው ወጡ፤ ነገር ግን እንደ በፊቱ አልሆኑም። ደረጃ መውጣት ስለከበዳቸው ከሦስተኛ ፎቅ የሚወርዱት ለሐኪም ብቻ ነው።

በሽታውን ያመጣው ልጁ ነው ወይ? ይህንን ማንም ሊያውቅ አይችልም። በዚያ ወር ኦሚክሮን በየቤቱ፣ በየአውቶቡሱ ነበር። አባትየውም ያስል ነበር። ልጁ ተመርምሮ ቢሆን ኖሮ ምርመራው ላያገኘውም ይችል ነበር። ይህንን ሁሉ ለእናቱ ነግረናታል። እሷም ሰምታን ሲያበቃ «ለእኔ አትንገሩኝ፣ ለእሱ ንገሩት። ማታ ማታ ከአያቱ ጋር አልተኛም ብሎ ሳሎን ነው የሚያድረው» አለችን። ልጁን ቁጭ አድርገን ነገርነው። የተናገርነውን ሁሉ ሰምቶ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀን፦ «ሥራው የኔ ካልነበረ ለምን ማንም አልሠራውም?» 

ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበረንም። የአሥር ዓመት ልጅ በእናቱ ስም እንዲናገር የፈቀድነው እኛ አዋቂዎቹ ነን፤ አስተማሪውም፣ ወላጁም፣ እኛም። ልጆቻችን ወደዚህ አገር ከመጣን ጀምሮ ለእኛ ያስተረጉማሉ፤ በባንክ፣ በፖስታ ቤት፣ በሐኪም ዘንድ። «ጎበዝ ልጅ» እያልን እናመሰግናቸዋለን። የአያቱን ጤና በአንድ ልጅ ትከሻ ላይ ስናስቀምጥም ያው ልማድ ነበር። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ፤ በዚያ ቤት ግን በሽታውን የደበቀው ልጁ ብቻ አልነበረም።

አያትየው ነገሩን ሲሰሙ ልጁን ጠርተው ያሉትን እናቱ ነግራናለች። «እኔ ከወልቃይት እስከ ሱዳን በእግሬ ስሄድ ያልሞትኩ፣ አንተ ነህ የምትገድለኝ?» ብለው ሳቁበት። ልጁ ከዚያ በኋላ ወደ ክፍሉ ተመልሷል። እኛ በሦስት ጊዜ ንግግር ያልቻልነውን እሳቸው በአንድ ቀልድ ጨረሱት።

እንግዲህ ወደፊት ሌላ ወረርሽኝ ቢመጣ፣ ወይም ያለ ወረርሽኝም ከትምህርት ቤት ስለ ልጆቻችሁ ጤና ወረቀት ቢመጣ፣ ከመፈረማችሁ ወይም ከመመለሳችሁ በፊት ጠይቁ። ከልጄ የሚወሰደው ነገር ወዴት ይሄዳል? መልሱን ማን ያየዋል? በሽታ ቢገኝበት ልጄ ስንት ቀን ይቀራል፣ እኔስ ከሥራ ብቀር የሕመም ቀን ወረቀቱን የሚሞላልኝ ማነው? እምቢ ብል ልጄ ምን ይሆናል? እነዚህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም። መልስ የሚሰጣችሁ ሰው ከተቆጣ፣ እኛም ብንሆን፣ ሌላ ሰው ጠይቁ። ወረቀቱ በአማርኛ ይምጣልኝ ወይም አዋቂ አስተርጓሚ ይንገረኝ ማለት ትችላላችሁ። ልጃችሁ እንዲያስተረጉም ሲጠየቅ «እሱ ልጅ ነው» በሉ።

የቤት መመርመሪያ ዛሬም ከፋርማሲ ይገኛል። አረጋዊ ወይም የስኳር በሽተኛ ያለበት ቤት፣ ልጁ ሲያተኩሰው ወይም ሲያስለው ቢመረምረው ጥሩ ነው። የሳጥኑን ቀን እዩ፤ ጊዜው ያለፈበትን አትጠቀሙ። መልሱን በተጻፈው ደቂቃ ውስጥ አንብቡ፤ ከሰዓታት በኋላ የሚታይ መስመር ከቁጥር አይገባም። መስመሩ ደብዛዛም ቢሆን በጊዜው ከወጣ መስመር ነው። አያት ከታመሙ ግን የልጁን መልስ አትጠብቁ፣ በዚያው ቀን ለነርሷ ደውሉ፤ ለኮሮና የሚሰጠው መድኃኒት የሚጠቅመው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲጀመር ነውና። ከእኛ መካከል አራቱ ዛሬ መመርመሪያ ይዘው መጥተዋል፤ በጠረጴዛው ላይ በራሳቸው አፍንጫ ያሳዩዋችኋል። አያቶች ወደፊት ቅረቡ፣ የምታስነሷቸው እናንተ ናችሁና።

ያልተፈረመውን ወረቀትም ይዘን መጥተናል፣ በአማርኛ አስጽፈነዋል። ዛሬ ማንም እንዲፈርም አንጠይቅም። ወደ ቤት ውሰዱት፣ አንብቡት፣ ያልገባችሁን አስምሩበትና በሚቀጥለው ሳምንት እንነጋገር።

ቡናው ደርሷል መሰለን፣ ሽታው መጥቷል። ከኋላ የተቀመጡት እናት ከመጀመሪያው ጀምሮ እጃቸውን አንስተው እየጠበቁን ነው። ይቅርታ እማማ፣ አስቆየንዎት። ስኒው እስኪዞር እርስዎ ይናገሩ።